ጩኒ ፍየል አይደለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ “ነፃ ፊልሞቻችን”፣ ማለትም ከንግድ ሲኒማው ውጪ ስለሚሠሩት ፊልሞች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ ሁለተኛ ቡናው ከቀዘቀዘ በኋላ። አንባቢዎቻችሁም አይተውታል፤ ለሦስት ቀን የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ እሱኑ ሲልክልኝ ነበር። ላላየው ባጭሩ፦ እነዚህን ፊልሞች እየዘረዘረ የአገራችን ተመልካች አይወዳቸውም፣ ሲኒማ ቤት የሚያስከፍተው ቀልድ ያለበት የፍቅር ፊልም ነው ይላል። የመጣሁት አንድ ነገር ይዤ ነው።

ፍየሏን።

ጸሐፊያችሁ የያሬድ ዘለቀ “ላምብ” ላይ ሲደርስ “ከፍየሉ አልለይም ያለ ሕፃን ታሪክ” ይላል። ፍየል! የፊልሙ ስም በእንግሊዝኛ የበግ ግልገል ማለት ነው። ርእሱን እንኳ የሚያይ ሰው ጠፋ? እኔ ዳባት ተወልጄ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ በግ ስጠብቅ ያደግኩ ሰው ነኝ። በሌላ ነገር ብትሳሳቱ፣ ዓመተ ምሕረት ብታዛንፉ፣ የተዋናይ ስም ብታጣምሙ ዝም ብዬ አልፍ ነበር። በዚህ ግን አላልፍም።

ሁለቱም አራት እግር አላቸው፣ ምን ልዩነት አለው የሚል ካለ ልንገረው። በግ ትከተልሃለች። ፍየልን አንተ ነህ የምትከተላት። ለአፍታ ዞር ካልክ ገደል አፋፍ ላይ፣ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥላ፣ ጭራዋን ሽቅብ ቀስራ ነው የምታገኛት። በግ ግን ላቷን እያወዛወዘች ከኋላህ ትመጣለች። ፊልሙ የቆመው በዚችው ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው ኤፍሬም። እናቱ ሞታለች። አባቱ ዘመድ ቤት አስቀምጦት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለልጁ የቀረችለት በጉ ጩኒ ናት፤ እሷንም አጎቱ ለመስቀል ትታረዳለች ይላል። እስቲ ጩኒን ፍየል አድርጓት። ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጥላው ጫካ ትገባ ነበር፤ ፊልሙም እዚያው ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ጸሐፊያችሁ ፊልሙን አላየውም ማለት ነው። ስላላየው አልቆጣም፣ እኔም ለማየት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ያንገበገበኝ ከፍየሏ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ የጻፈው ነው። “የአገራችን ተመልካች እንዲህ ዓይነት ፊልም አይወድም” ይላል። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ራሱ ያላየውን ፊልም እኛ እንዳልወደድነው በምን አወቀ?

ነገሩን በጽሞና እንየው። አንድ ሰው ሽሮ አልወድም ቢል ሽሮ ቀምሷል ማለት ነው። “ላምብ” በ2015 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ካን ፊልም ፌስቲቫል ሄዶ “አን ሰርተን ሪጋርድ” በሚባለው ክፍል ታየ፤ በካን ይፋ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ጥሩ። ካን ያለ ሰው አየው። ፓሪስ ያለ ሰው አየው። እኛ ዜናውን ሰማን። ዜናውን መስማት ፊልሙን መቅመስ ከሆነ እንግዲህ ጠግበናል።

የራሴን ልንገራችሁ። ያኔ ኮልፌ ትንሽ ቪዲዮ ቤት ነበረችኝ፣ ሲዲ አከራይ ነበር፤ ሥራው እየሞተ ቢሆንም። ፊልሙ ከተማችን ውስጥ አንድ አዳራሽ ይታያል ሲባል ሰማሁ። የማን አዳራሽ እንደሆነ አልናገርም፣ ጠብ አልፈልግም። ሱቄን በጊዜ ዘጋሁ፣ ሸሚዜን አስተኮስኩ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየኝና “ወንድም፣ የጥሪ ካርድ?” አለኝ። የለኝም አልኩት። “በስም ዝርዝር ነው፣ አልችልም።” ለምኜው ነበር። እንዲያውም እረኛ ነበርኩ ብዬዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሳቀብኝ። ፊልሙ ስለ በግ ጠባቂ ነው፣ በር ላይ የቀረው በግ ጠባቂ ነው፣ ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ በግን በዱለት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። እሱም ሳይሆን አይቀርም ኋላ ጋዜጣ ላይ ፍየል ብሎ የሚጽፈው።

በዓመቱ የአክስቴ ልጅ ከፓሪስ ሲመጣ በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ባለፊልሙ ይቅር ይበለኝ። ማታ ሱቅ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ሆነን በአንድ ቴሌቪዥን አየነው። ከግርጌው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ ንግግሩ አማርኛ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሳምቡሳ ጠብሰው የሚሸጡ ጎረቤት አሉኝ፣ እማማ ነው የምንላቸው። ከፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ ለአውቶቡስ መሳፈሪያ ብሎ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ መሸጥ ሲጀምር እማማ መቀመጥ አቃታቸው። “ምስሩን ካላጠነፈፈው ዘይት ውስጥ ይፈታበታል! ንገሩት እንጂ!” ይሉናል። ለማን እንንገረው? አጎትዬው ወንድ ልጅ ምን ወጥ ቤት ያስገባዋል ብሎ ሲቆጣ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ሰደቡት። በኋላም ምን እንደሚሆን ትንፋሻችንን ይዘን ስንጠብቅ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ መብራት ሄደ።

የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። የአክስቴ ልጅ ፍላሹን ይዞ በማግስቱ ማታ በሯል። እማማ ግን በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የሱቄን ቆርቆሮ አንኳኩተው “በጓን አረዷት?” አሉኝ። እኚህን ሴትዮ ነው እንግዲህ ጸሐፊያችሁ “አይወድም” የሚላቸው።

ልክ የጻፋችሁትም አለ። ሲኒማ ቤት የሚያስከፍት ቀልድ ያለበት የፍቅር ፊልም ነው ብላችኋል፤ እውነት ነው፣ የእኔንም ሱቅ ኪራይ የከፈለልኝ እሱ ነው። ግን ከሥራው የተማርኳትን ልንገራችሁ። ፊት መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ይከራያል። ከኋላ ያስቀመጥኩት አቧራ ይጠጣል። አንድ ጊዜ የኢራናዊውን የማጂድ ማጂዲን “ችልድረን ኦፍ ሄቨን” ከፊት አስቀመጥኩት። ኮከብ የለበት፣ ቀልድ የለበት፣ ጥይት የለበት። በፋርስኛ ነው የሚያወሩት። ወንድምና እህት አንድ ጫማ እየተቀያየሩ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ይኸው ነው። ያ ሲዲ ሰፈሩን ስንቴ እንደዞረ አላውቅም፤ በመጨረሻ ከመጫጫሩ የተነሳ ሩጫው ላይ ቀጥ እያለ ሰውን ሲያስለቅስ ነበር። የኮልፌ ተመልካች ዝምታ ያለበት ፊልም አይወድም ያለው ማን ነው? የአዲስ አበባ ሰው እኮ ለመጀመሪያው ሲኒማ ቤት “የሰይጣን ቤት” ብሎ ስም ያወጣ ሕዝብ ነው። ስሙን አውጥቶም ውሎ አድሮ ገባበት።

ደግሞ በሩ ክፍት የሆነ ሲመስልም ምን እንደሚደርስ አታውቁም አይባልም። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ “ድፍረት” በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ወሰደ፣ በርሊን ፌስቲቫልም ደገመ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ሽልማት ተመልካች የሰጠው ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ ሳለ የእግድ ትእዛዝ መጣና ሳይታይ ቀረ። የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፣ ውስጡን አልፈተፍትም። ግን ያ የተሰበሰበው ሰው ተመልካች ካልሆነ ምን ነበር? በጽሑፋችሁ ውስጥ “ድፍረት” በግማሽ መስመር ታልፏል፤ ግማሹም በፕሮዲውሰርነት ስሟን የሰጠችው አንጀሊና ጆሊ ናት።

አሁን ኢንተርኔት አለ፣ ሁሉም ቤቱ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል ትላላችሁ። እሺ። የጄሲካ በሽርን የሐረር ዶክመንተሪ “ፋያ ዳዪ” እንዴት እንዳየሁት ልንገራችሁ። ፊልሙን ያኔ የያዘው አሜሪካና ካናዳ ላለ ሰው ብቻ የሚከፍት የኢንተርኔት ሲኒማ ነበር፤ ቢከፍትም የብር ካርዴን አይቆርጥም ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ከፈለች። ስልኳን ቴሌቪዥኗ ፊት አቁማ በቪዲዮ ጥሪ ሁለት ሰዓት ሙሉ አሳየችኝ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጭስ ይበዛዋል። ጭጋጉ የሐረር ይሁን የኔትወርክ መለየት አቅቶኝ አመሸሁ።

እንደዚያም ሆኖ የጽሑፋችሁ “ስለ ጫት ጉዳት የሚያስተምር ዶክመንተሪ” አንጀቴን አቃጠለው። ኧረ በፈጠራችሁ! የሚያስተምር ድምፅ የለበትም፣ ዶክተር ቀርቦ አያወራበትም፣ ቁጥር አይደረደርበትም። ጄሲካ ባደገችበት አገር አሥር ዓመት ያህል እየተመላለሰች፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ የቀረጸችው ነው። መሐመድ የሚባል ልጅ አለ፣ አባቱ ቃሚ ነው፣ ልጁ መሄድ ይፈልጋል። ለዘላለም የሚያኖር ውኃ ፍለጋ የወጣ ሰው የሐረሪ ተረት በመካከል ይገባል። እኔ ያልረሳሁት ግን ጫት የሚታሰርበትን መጋዘን ነው። ፊት አይታይም፣ እጅ ብቻ። ያ ሁሉ እጅ ቅጠል ይለቅማል፣ ይጠቀልላል፣ ያስራል፣ ይወረውራል። ለአውሮፕላን ለመድረስ ይሁን ለመኪና፣ ብቻ ይቸኩላል። የሚቅመው ሰው ደግሞ ምንም አይቸኩልም። ይሄንን ማንም ሳይነግረኝ አየሁት። አብዛኛው ንግግር በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ስለ ቋንቋውም አንድ ቃል አልጻፋችሁም። ይረዝማል ወይ? ይረዝማል። መካከሉ ላይ አሸልቤ ስነቃ ያው ጭስ ነበር፤ እህቴም ማዶ እያንኮራፋች ነበር። ይህን ብላችሁ ብትተቹ አመሰግናችሁ ነበር፤ ቢያንስ አይታችሁታል ማለት ነው። የኦስካር እጩዎች ከመታወቃቸው በፊት በሚወጣው የአሥራ አምስት ዶክመንተሪዎች ዝርዝር ውስጥ የገባ ሥራ ነው እኮ፣ የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አደረጋችሁት።

ስለ ዶክመንተሪ ካነሳን፣ “ከፋያ ዳዪ ሌላ የለንም” የሚለው መስመር ከየት መጣ? የታማራ ዳዊት “ፋይንዲንግ ሳሊ” በ2020 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ኢሕአፓ ገብታ የጠፋች፣ ቤተሰቧ ስሟን የማያነሳት አክስቷን ፍለጋ ነው። ለእናቴ ላሳያት ብዬ ገና ታሪኩን ስጀምርላት “ተወው” አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። የእኛም ቤት ስሙ የማይነሳ ሰው አለ። “ሜድ ኢን ኢትዮጵያ”ስ? ዱከም ያለው የቻይናዎቹ ኢንዱስትሪ ዞን ላይ፣ ቻይናዊት ሥራ አስኪያጅ፣ የፋብሪካ ሠራተኛና መሬቷ የሚፈለግባት ገበሬ፣ ሦስት ሴት። የወደድኩለት አንዷንም ጭራቅ አለማድረጉን ነው፤ ሥራ አስኪያጇን ልጠላት ተዘጋጅቼ ቁጭ ብዬ አሳዘነችኝ። ዳይሬክተሮቹ የውጭ ሰዎች ናቸው ብላችሁ ከሆነ የተዋችሁት፣ ንገሩንና እንከራከር። ከዶክመንተሪ ውጪም የዓለምወርቅ ዳዊድያንን ልብ ወለድ ፊልም “ፊግ ትሪ”ን የተዋችሁት የእስራኤል ፊልም ስለተባለ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ፣ በደርግ መጨረሻ፣ ፍቅረኛዋን ከአፈሳ ልታድን የምትሯሯጥ የቤተ እስራኤል ልጅ ናት። አማርኛው ከብዙ የቴሌቪዥን ድራማችን አማርኛ ይሻላል።

እግረ መንገዴን፣ “ነፃ ፊልም” የምትሉትን ቃል ብታስቡበት። ጽሑፋችሁን ለእማማ ሳነብላቸው “በነፃ ነው የሚያሳዩት? የት?” ብለው ነጠላቸውን ሊያነሱ ነበር። ከማን ነፃ እንደወጣም ጽሑፉ አይናገርም። “ላምብ” በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በሌሎችም ገንዘብ የተሠራ ነው። ነውር የለበትም፤ ገንዘቡን የሰጠው ግን የት ይታይ የሚለውን አብሮ ይይዛል። እኛ ጋ የማይደርሰው አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ብትጽፉ ኖሮ ይሄን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር።

በቀጣዩ እትም ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ ሦስት ቃል ይበቃኛል፦ “ጩኒ በግ ናት።” የተቀረውን ጸሐፊያችሁ ፊልሙን ካየ በኋላ እንነጋገራለን።

እኔ መጨረሻውን ያየሁት ያ መብራት ከሄደ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ለእማማ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ በትልቅ ስክሪን አሳይዎታለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ። አሁንም ሳምቡሳ ልገዛ ስሄድ ይጠይቁኛል። እናንተ ሰው ታውቃላችሁና፣ የጥሪ ካርድ የማይጠየቅበት አዳራሽ የሚያሳየው ከተገኘ ሁለት ወንበር ያዙልን። ሦስተኛውን ጸሐፊያችሁ ይቀመጥበት። ሳምቡሳውን እኛ ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ እረኛና ቪዲዮ አከራይ፣ ከኮልፌ