የሚያጉረመርመውን ውሻ አትምቱት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ «ተነስ ሲባል የሚያጉረመርም ውሻ ጌታውን እስኪያውቅ ይገረፍ» የሚል ምክር አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ቋሚ አሳዳጊ እስኪገኝላቸው ድረስ ከመንገድ የተነሱ ውሾችን በቤቴ አቆያለሁ። አሁን ያለችው ቡናማ ውሻ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ከተነጠፈላት ጆንያ ተነሺ ስትባል ታጉረመርማለች። ጆሮዋ ወደ ኋላ ይለጠፋል፤ የዓይኗ ነጭ ይታያል፤ ሰውነቷ ድርቅ ይላል። ፈርታለች። በማጉረምረሟ «አትቅረቡኝ» ብላ እያስጠነቀቀችን ነው። በዱላ ዝም ብናሰኛት ፍርሃቱ እዚያው ይቀራል፤ ነገ ግን ሳታስጠነቅቅ ትነክሳለች።

አንገቷን ይዤ አልጎትታትም። ራቅ ብዬ፣ ፊቴን ዘወር አድርጌ፣ ቁራሽ ሥጋ ወለሉ ላይ ጥዬ «ነይ» እላታለሁ። በልታ ስትጨርስ ወደ ጆንያዋ እንድትመለስ እተዋታለሁ፤ በተነሳች ቁጥር ቦታዋን የምትነጠቅ እንዳይመስላት። ማጉረምረሙ ድንገት የጀመረ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ይያት፤ ወገቡን ወይም እግሩን የሚያመው ውሻም መነካት አይወድም።

ከሁሉ በላይ፣ ልጅ ውሻ እንዲያስነሳ አይላክ! የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል። ውሻው ይከተብ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ይሂድ። መካሪው ይህን አንዱንም አላነሱም። በሚቀጥለው እትም ማረሚያ እንድታወጡ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ