ሩቢ ስትቆም

መስከረም 12፣ ሚኒሶታ

ለውድ አባቴ፣ አዘዞ፣ ጎንደር

እንደምን አሉልኝ አባዬ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አርባ አራቱ ታቦት ሁላችሁንም ይጠብቁልኝ። ለእንቁጣጣሽ የላክሁት ገንዘብ መድረሱን እህቴ ነግራኛለች።

እማዬ «ባሕር ተሻግሮ የውሻ እረኛ ሆነ» ብላ ማልቀሷን ሰምቼ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስለዚህ ሥራዬን፣ የአደን ውሾች ማሠልጠኑን፣ ለእርስዎ ልንገርዎ፤ እርስዎ ቆቅ ያደኑ ሰው ነዎትና ይገባዎታል፣ ለእሷም ያስረዱልኛል።

ውሾቹ በር የሚጠብቁ አይደሉም። ዘራቸው ከጀርመን የመጣ፣ ፀጉራቸው አጭር፣ እግራቸው ረጅም ነው። ወፍ በአፍንጫቸው ፈልገው ያገኛሉ፤ ሲያገኙ ግን አይዘሉባትም፣ ይቆማሉ። ባለፈው ሳምንት ሩቢ የምትባለዋ ሣር ለሣር ስትበር ቆይታ ድንገት ድርቅ አለች። አንድ የፊት እግሯ እንደታጠፈ አየር ላይ ቀረ፤ ጅራቷ ተገተረ፤ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከፊቷ ሦስት እርምጃ ላይ ድርጭት ተኝታ ኖሯል (ያችው በኦሪት እስራኤል በምድረ በዳ የበሏት)። እኔ አጠገቧ ቆሜ አላየኋትም።

መቆሙን ከእናታቸው ይዘውት ይወለዳሉ፤ መቆየቱን ግን ሰው ነው የሚያስተምራቸው። መጀመሪያ ትንሽ ሳንቃ ላይ አውጥቼ «ቁም» እላለሁ፣ በእኛው ቋንቋ። ቀጥሎ በረጅም ገመድ እይዛታለሁ። ከዚያ ርግብ የያዘ ባለ ሞላ ሳጥን ሣር ውስጥ እደብቃለሁ፤ ውሻዋ አንዲት እርምጃ ከሰረቀች ቁልፉን እጫናለሁ፣ ርግቧ ብር ትላለች። ሮጣ እንደማትይዛት የምታውቀው እንዲህ ነው። የተኩሱ ነገር ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወፍ በማባረር ልቧ ተወስዶ ሳለ ከሩቅ ይተኮሳል፣ ቀስ በቀስ ይቀርባል። ቸኩሎ ቡችላ አጠገብ የተኮሰ ሰው ውሻዋን ዕድሜ ልኳን ከጠመንጃ ሊያስሸሻት ይችላል።

ከዚያ ፈተና አለ። ሁለት ውሾች አብረው ይለቀቃሉ፣ ሁለት ዳኞች ይከተላሉ። ግን ውድድር አይደለም፤ ውሻዋ የምትለካው ከደንቡ ጋር ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ለአደን ያላት ትጋት፣ ወፍ ማግኘቷ፣ መቆሟና መታዘዟ እያንዳንዱ ከ10 ይታረማል። አንዱ እንኳ ከ5 ካነሰ ወደቀች፤ አማካዩም 7 መድረስ አለበት። 4 ጊዜ ስታልፍ የደረጃውን ማዕረግ ታገኛለች። በዚህ ደረጃ ወፍ አይገደልም፣ እርሳስ የሌለው ጥይት ብቻ ይተኮሳል።

የመጀመሪያ ፈተናዬን ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ሩቢ አምራ ቆማ ሳለ ልቤ ፈርቶ «ቁም! ቁም! ቁም!» እያልኩ ከኋላዋ መጣሁባት። ከኋላ የሚመጣ ሰው ውሻን ወደፊት ይገፋታል፤ በጎን ዞሬ መቅረብ ነበረብኝ። ዘወር ብላ አየችኝና ተንደረደረች። ለመቆሟ 4 ሰጧት። እሷ ምን አጠፋች?

ያን ማታ የደምቢያው የገብስ ቃርሚያ ትዝ አለኝ። ውሻችን ነብሮ ቆቋን ሲያሸት አንቱ ትከሻዬን ያዝ ያደርጉኝ ነበር እንጂ ቃል አይወጣዎትም ነበር። አፈር ዘግነው በትነው የነፋሱን መንገድ ያዩ ነበር። አሁን ሩቢን ከመልቀቄ በፊት ደረቅ ሣር በትኜ ነፋሱን ከፊቷ አደርጋለሁ፤ ከቆመች በኋላ አፌን እይዛለሁ። ከዚያ ወዲህ 4 ጊዜ አልፋለች።

የሚቀጥለው ደረጃ ይከብዳል። ጓደኛዋ ወፍ አግኝቶ ሲቆም እሷም ባለችበት ቆማ ልታከብረው ይገባል፣ ቀድማ መግባት የለም። ፈተናው ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ነውና በጸሎት አስቡኝ።

የነብሮ ልጅ ወልዳለች ብላኛለች እህቴ። ከቡችሎቹ ቆቅ ሲሸተው ቆም የሚል ካለ ለማንም እንዳይሰጡብኝ፣ ለእኔ ያቆዩልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

ልጅዎ