የፍል ውኃ መስመር ለዘረጋንላችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በስምጥ ሸለቆ ለእንግዳ ማረፊያም ሆነ ለመኖሪያ ቤት የፍል ውኃ መስመር ያስገባችሁ ሁሉ ደጋግማችሁ ሁለት ነገር ትጠይቁናላችሁ፦ ውኃው ይጠጣል ወይ? ሻወሩስ ለምን በነጭ ቅርፊት ይደፈናል?

በሶደሬም ሆነ በወንዶ ገነት የሚፈልቀው በአብዛኛው ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ነው። በዐለት ስንጥቅ ሰርጎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ እዚያ ይግላል፤ ሲግል ስለሚቀልል በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። በመንገዱም ከእሳተ ገሞራ ዐለትና አመድ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔት፣ ሲሊካና ፍሎራይድ አሟሙቶ ይመጣል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ፍሎራይዱ ነው። ካልሲየም በበዛበት ውኃ ፍሎራይድ ከካልሲየሙ ጋር ተዋህዶ ይዘቅጣል። የሸለቆው ፍል ውኃ ግን ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ ፍሎራይዱን የሚያስቀርለት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ብዙዎቹ ፍል ውኃዎች ይህን በብዙ እጥፍ ያልፋሉ። የልጆች ጥርስ የሚበልዘው፣ ውሎ አድሮም አጥንት የሚጎዳው በዚህ ነው። ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ በቀረው ላይ ይበዛል። የአሸዋ ማጣሪያም አይዘውም። የአጥንት ከሰል ይይዘዋል፤ ከሰሉ ግን ሲጠግብ መያዙን ስለሚያቆም ከማጣሪያው የሚወጣውን ውኃ በየጊዜው አስመርምሩ። እስከዚያ ለመጠጥ፣ ለወጥና ለሕፃናት ወተት ሌላ ውኃ ተጠቀሙ፤ ይህን አጥብቀን እንለምናችኋለን።

ወደ ቅርፊቱ ስንመጣ፣ ውኃው ከግፊት ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመልጠዋል፤ ያኔ ያለው ጥቂት ካልሲየም ኖራ ሆኖ ይጋገራል። ቫልቩና የሻወሩ ራስ ቀድመው የሚደፈኑት ለዚህ ነው። ሲሊካ ደግሞ ውኃው ሲበርድ ይጋገራል። ለመለየት የቅርፊቱን ስባሪ አቼቶ ውስጥ ጣሉት። አረፋ ካወጣ ኖራ ነውና የሻወሩን ራስ ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት። ዝም ካለ ሲሊካ ነው፤ አቼቶ አይበግረውም፣ የሻወሩን ራስ መቀየር ይሻላል።

ቧንቧ ስትቀጥሉ ፒቪሲ አታስገቡ፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧም (ጋልቫናይዝድ) ቢሆን ባይካርቦኔት በበዛበትና ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ውኃ ዚንኩ ብረቱን መጠበቁን ሊተው ይችላል፤ ያኔ ብረቱ በነጥብ በነጥብ ይበሳል። ለሙቅ ውኃ የተሠራ ፒፒአር የተባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ ግዙ።

ምንጩ ላይ ያለውን የተከደነ ጉድጓድ ራሳችሁ ወርዳችሁ አትጥረጉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ሽታ ስለሌለውም አይታወቅም። ክዳኑን ሳትከፍቱ ደውሉልን፤ አየር መንፊያ ይዘን እንመጣለን።

ከሰላምታ ጋር
የመስመር ዝርጋታና ጥገና ክፍል