ሳይመረምር ለሚፈታ መካኒክ መኪናችሁን አትስጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከርማችኋል። ሰው ስለ ጋራዥ ሲያወራ መካኒክ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እኔም እንደዛ ነበር የማስበው፣ በዚህ ጥር የገጠመኝን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ከከተራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እንግዳ ልቀበል አዘዞ ኤርፖርት ወርጄ ነበር። መኪናዬ የድሮ ኮሮላ ነች። እስከ ከተማ ምንም አላለችም፣ ፒያሳ ስንደርስ ግን ያው የጥምቀት ሰሞን ጎንደርን ታውቋታላችሁ፣ መንገዱ በሰውና በባጃጅ ጢም ብሏል፣ ቆመን ቆመን የሙቀቱ ጌጅ ቀዩን ነካና ከኮፈኑ ስር እንፋሎት መትነን ጀመረ። አክስቴ "ኧረ ልጄ ተቃጠልን!" ብላ ሻንጣዋንም ሳታነሳ ወረደች።

አስገፍቼ ቅርብ ያለ ጋራዥ ገባሁ፣ ስሙ ይቅር። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ አየት አደረገና "ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይወርዳል፣ 28 ሺ አዘጋጅ" አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ራስ ነው፣ ጋርኒሲዮን ደግሞ ከስሩ ያለው፣ ውሃና ዘይት እንዳይቀላቀሉ የሚያሽገው ማሸጊያ። ሞተሩ እኮ ገና አልቀዘቀዘም! ዘይት አላየ፣ ውሃ አላየ፣ እኔንም አንድ ነገር አልጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር ልሰጠው ነበር፣ ያዳነኝ ብሩ አለመኖሩ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቀስ እያልኩ ማራኪ አካባቢ የሚሰሩ አንድ ጋሼ ጋ ወሰድኳት። መፍቻ አላነሱም፣ መጀመሪያ "ወንድምዓለም፣ የሚግልብህ ስትሄድ ነው ስትቆም?" አሉኝ። ስትቆም አልኳቸው፣ ፈገግ አሉ። ስትሄድ ንፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ስትቆም ግን ያለ ፋን ማንም አይደርስለትም፣ ስለዚህ ቆሞ ብቻ የሚግል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋኑ ነው። ዳገት ላይ ወይ እየበረረ የሚግል ቢሆን የተደፈነ ራዲያተር፣ የውሃ ፖምፕ፣ ቴርሞስታት እያሉ ነበር የሚሄዱት።

የዘይቱን መለኪያ መዘው በጨርቅ ጠርገው አሳዩኝ፣ ዘይቱ ማኪያቶ አልመሰለም፣ ውሃ ቢገባበት እንደዛ ይሆን ነበር። የራዲያተሩን ክዳን በቀዝቃዛው ከፍተው ሞተሩን አስነሱ፣ አረፋ የሚባል ነገር አልወጣም። ጭስ ማውጫውም ነጭ አያጨስም። "ጋርኒሲዮኑ ምን በደለ" አሉ። ከዛ የፋኑን ሶኬት ነቅለው በሁለት ሽቦ ከባትሪ ቀጥታ ሲሰጡት ቱር ብሎ ዞረ። ሪሌውን፣ ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚከፍት የሚዘጋውን ትንሽ ማብሪያ፣ አውጥተው ከጎኑ ካለው እኩያው ጋር ቀያየሩት፣ ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑ በራሱ ጊዜ ተነሳ። 28 ሺ የተጠየቀባት ሪሌ የክብሪት ሳጥን አታክልም!

ክዳኑም ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ይሄ ደግሞ እዚህ ቀልድ አይደለም። ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ነው ራዲያተር ውስጥ ከ100 አልፎም ሳይፈላ የሚቆየው። ክዳኑ ከላላ ደህና ሞተር ይፈላል። ከመተማ ቆላ ጭኖ የሚወጣ የአይሱዙ ሹፌር ይሄን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ሁለቱም ተቀይረው የእጅ ዋጋ ተጨምሮ 3 ሺ እንኳ አልሞላም፣ አሮጌዎቹንም በላስቲክ አድርገው ሰጡኝ።

አሁን ደግሞ ስካነር፣ ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሳሪያ፣ የያዘ ሁሉ ሀኪም ሆኗል። የባለቤቴ ወንድም ቪትዝ ስትንቀጠቀጥበት ሌላ ቦታ ወሰዳት፣ ኮዱ ፒ0301 አለ፣ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው። ለምን የሚለውን ግን ኮዱ አይናገርም፣ እሳት የሚረጨው ካንዴላም፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይልም፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተርም ሊሆን ይችላል። የአንደኛውን ኮይል ወደ ሁለተኛው አዛውሮ ኮዱ ወደ ፒ0302፣ ማለትም ወደ ሁለተኛው ሲሊንደር፣ ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፣ ካልዞረ ሌላ መፈለግ ነው፣ ይሄን ለማየት ሳንቲም አይወጣም። እነሱ ግን አራቱንም ኮይል አስገዙት፣ መኪናዋ ዛሬም ትንቀጠቀጣለች።

እኛ ባለመኪኖችም ጥፋት አለብን መቼም፣ መካኒኩ ቆም ብሎ ሲመረምር "ምን ትጠብቃለህ ፍታው እንጂ" የምንለው እኛው ነን፣ ለምርመራ ብቻ ክፈል ሲባልም ያመናል። ፍሬን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከብር ያልፋል፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ ሰው ያውቀዋል።

እና ጋዜጣችሁ የከተማውን ጋራዦችና ባለመኪኖች አነጋግሮ አንድ ገፅ ቢሰራበት እላለሁ። የእጅ ዋጋና የእቃ ዋጋ ለየብቻ በደረሰኝ ቢፃፍ፣ የወጣው እቃ ለባለቤቱ ቢመለስ፣ ምን ተመርምሮ ምን እንደተገኘ በሁለት መስመር ቢፃፍ ማን ይጎዳል? ጋሼን ጠይቄያቸዋለሁ፣ ለማውራት ፈቃደኛ ናቸው፣ ፎቶ ግን አልነሳም ብለዋል።

የኮሮላዋ ባለቤት
ከጎንደር