ለሆስፒታላችን ሕፃናት ሁለት የኦክስጅን ማሽን እንግዛ

ሰላም የአገሬ ልጆች፣

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ ታቅፈን ወረዳችን ሆስፒታል ደረስን። ሁለት ዓመቱ ነው። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የሳንባ ምች ነበር። ነርሷ ጣቱ ላይ የደም ኦክስጅን መለኪያ አደረገች፤ 84 በመቶ አለ። ከ90 ሲወርድ ኦክስጅን የግድ ነው። ያለው ሲሊንደር ግን አንድ ነው፤ እሱንም ሌላ ሕፃን ይዞታል። ሪፈር ተጻፈልንና በአምቡላንስ ወደ ከተማ በረርን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። አሁን ዶሮ ሲያባርር ነው የሚውለው።

ሲሊንደር ያልቃል። ካለቀ መኪና ተለምኖ፣ ከተማ ሄዶ፣ ተሞልቶ እስኪመጣ ሕፃን አይጠብቅም። ኮንሰንትሬተር የሚባለው የኦክስጅን ማሽን ግን ከዚሁ ከምንተነፍሰው አየር ናይትሮጅኑን እያስቀረ ኦክስጅኑን ይሰጣል። በደቂቃ 10 ሊትር የሚሰጠው (ባለ10 ሊትሩ) ማከፋፈያ ከተገጠመለት ለአራት ሕፃናት በአንዴ ይበቃል። መብራት ሲጠፋስ? ያኔ ሲሊንደሩ መጠባበቂያ ይሆናል። ደግሞ ማሽኑን የሚያቃጥለው የመብራት መጥፋት ሳይሆን ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ስለዚህ ኃይሉን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር አብሮ ይገዛል።

የምንፈልገው ሁለት ባለ10 ሊትር ማሽን ከነስታቢላይዘሩ፣ ማከፋፈያ፣ መለዋወጫ ማጣሪያ፣ እንዲሁም ለሕፃን ጣት የሚሆን ሦስት መለኪያ ነው። የአዋቂው መለኪያ ትንሽ ጣት ላይ ልክ አያነብም። ከገንዘቡ የተወሰነው ለነርሶች ሥልጠናና ለጥገና ይቀመጣል። አንዳንዱ ሰው «ለሥልጠና ብዬ አላዋጣም» ይላል፤ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሚነካው ሰው ያጣ ማሽን መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ አይቻለሁ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ አደራ ማሽን ገዝታችሁ አትላኩ። የእናንተ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ገንዘቡን ላኩልን፤ መለዋወጫ የሚያቀርብና የሚጠግን ካለው አስመጪ እዚሁ እንገዛለን።

መዋጮው የሚገባው በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የጋራ ሂሳብ ነው። ቁጥሩን ከየሰፈራችሁ የዕድር ሰብሳቢ ውሰዱ፤ ውጭ ያላችሁ ቤተሰቦቻችሁን ጠይቁ። መቶ ብርም ትጠቅማለች። የእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ ሆስፒታሉ በር ላይ ይለጠፋል፣ ማንም መጥቶ ያንብብ።

የሳንባ ምች በብርዱ ወራት ስለሚበረታ፣ ማሽኖቹ ሐምሌ ሳይገባ ተተክለው ማየት እንፈልጋለን።