የመጠጥ ውኃ ደረጃ ሲወሰን የድሬዳዋ ሰው ይጠየቅ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ድሬዳዋ ውኃ በጋዜጣም በሬዲዮም ሲነሳ ጉዳዩ ሁልጊዜ መጠኑ ነው። ፈረቃው ለምን ዘገየ፣ የትኛው ሰፈር ጀሪካን አሰለፈ፣ ቦቴው መቼ ይደርሳል ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ውኃ ለጠፋበት ሰው ስለ ጥራት ማውራት ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን በሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ በመሆኔ ቧንቧው ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማሰብ ግድ ይለኛል። የዛሬው ደብዳቤዬ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለሚገኙ ጎጂ ነገሮች የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን ሲወሰን ጠጪው ሕዝብ እንዴት መጠየቅ እንዳለበት የሚመለከት ነው።

አገራችን የመጠጥ ውኃ ደረጃ አላት። ደረጃውን የሚያረቅቁት በየሙያው የተመረጡ የቴክኒክ ኮሚቴዎች ናቸው፤ ረቂቁም ከመጽደቁ በፊት ለአስተያየት ይቀርባል። ችግሩ ይህ የአስተያየት ጊዜ አብዛኛው ሰው ሳይሰማ ማለፉ ነው። ምክክር የሚባለውም ብዙውን ጊዜ በሆቴል አዳራሽ የሚደረግ የግማሽ ቀን ስብሰባ ነው። ጽሑፍ በስክሪን ይታያል፣ ሁለት ሦስት ሰው እጁን ያወጣል፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። አዘጋጆቹ ቅን ሰዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጋሪ ነጂው የለም፣ ቀፊራ ገበያ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የምትቸረችረው እናት የለችም፣ ጡጦ የሚይዝ ልጅ ያላት ወላድም የለችም።

እነዚህ ሰዎች ኬሚስትሪ አያውቁም፤ ምን ይጠየቃሉ? የሚል አይጠፋም። መልሱ ያለው ቁጥሩ በሚሠራበት መንገድ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙዎቹ ኬሚካሎች የሚመክረውን መጠን ሲያሰላ አንድ አዋቂ ሰው 60 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ በቀን 2 ሊትር ውኃ ይጠጣል ብሎ ይነሳል። ለ10 ኪሎ ሕፃን 1 ሊትር፣ በጡጦ ለሚያድግ የ5 ኪሎ ጨቅላ ደግሞ ሦስት አራተኛ ሊትር ይይዛል። ለመነሻ ያህል ጥሩ ግምት ነው። አሁን ይህን ግምት ይዘን በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ እንግባ። ከለገሃሬ እስከ ሳቢያን ጭነት ሲገፋ የሚውል ሰው 2 ሊትር የሚጨርሰው ገና ከቀትር በፊት ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀመጠውም ከአጠገቡ የውኃ ዕቃ አይለየውም።

ሲበዛ ጥርስን ለሚያበላሸው ማዕድን፣ ለፍሎራይድ፣ የሚመከረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። 2 ሊትር የጠጣ ሰው በቀን 3 ሚሊ ግራም ያገኛል፤ 4 ሊትር የጠጣው 6 ሚሊ ግራም። ውኃው ያው፣ ደረጃውም ያው፣ ወደ ሰውነት የሚገባው ግን እጥፍ ነው። ድርጅቱ ራሱ አገሮች የፍሎራይድ ደረጃ ሲያወጡ ሕዝባቸው የሚጠጣውን የውኃ መጠን ግምት ውስጥ እንዲያስገቡ ይመክራል። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1962 ለጥርስ ጤና ሲሉ ውኃ ውስጥ የሚጨምሩትን ፍሎራይድ በአየር ጠባይ ከፋፍለው ነበር፦ ለቀዝቃዛ አካባቢ በሊትር 1.2 ሚሊ ግራም፣ ለሞቃታማው 0.7። በ2015 ሁሉንም በ0.7 አጠቃልለውታል፤ ዛሬ በሞቃታማና በቀዝቃዛ አካባቢ የሚኖሩ ልጆቻቸው የሚጠጡት ውኃ ብዙም እንደማይለያይ ስለታየ ነው። የእነሱ ልጆች አየር ማቀዝቀዣ ባለው ቤት ያድጋሉ። የገንደ ቆሬ ልጅ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ነው የሚውለው።

ፍሎራይድ በዋናነት የስምጥ ሸለቆ መከራ ነው። ወንጂና ዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ ራሱ ይመሰክራል፤ ለዚህም ነው ሁሉም የሚያውቀው። የእኛ ከተማ ስጋት ግን በዓይን አይታይም። ናይትሬት ይባላል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፍሳሽ ማጠራቀሚያ እየሰረገ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። የሳቢያን የውኃ ጉድጓዶች ዙሪያ ዛሬ ሰፈር ሆኗል፤ በየግቢው ደግሞ የመጸዳጃ ጉድጓድ አለ። የከርሰ ምድር ውኃ ተመራማሪዎች በከተማው ክልል ባሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱን ከጻፉ ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ ከምርምር መጽሔት ወጥቶ ወደ ቧንቧው ባለቤት ጆሮ ግን አልደረሰም።

ወደ ክፍሌ ከሚመጡ እናቶች የምሰማውን ልንገራችሁ። ጡት ያልያዘላት እናት የዱቄት ወተት ታዘጋጃለች። ጠንቃቃ ናት፤ ውኃውን ከሰል ላይ ጥዳ ደጋግማ ታፈላዋለች። በራዱን ከፍታ ብታሳያችሁ ታችና ጎኑ ኖራ በመሰለ ነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል፤ በጥፍር ሲፍቁት እየተሰነጠቀ ይነሳል። እሷን የሚያስፈራት ይህ ነው፤ «ይህ ሁሉ የልጄ ሆድ ውስጥ ይገባል?» ትላለች። ቅርፊቱ የመጣው ውኃውን «ከባድ ውኃ» ከሚያሰኙት ማዕድናት፣ ማለትም ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለእሱ የጤና ገደብ አላስቀመጠም። የሚያስፈራው ሌላው፣ የማይታየው ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም። ውኃው ተንኖ ግማሽ ሲደርስ በቀረው ውኃ ውስጥ ያለው ናይትሬት እጥፍ ይሆናል። ክሎሪን መጨመርም አይቀንሰውም። ለልጇ ብላ የምትለፋው እናት ሳታውቀው መጠኑን ከፍ ታደርገዋለች።

ለናይትሬት የተቀመጠው 50 ሚሊ ግራም በሊትር የወጣው በጡጦ የሚያድጉ ሕፃናትን ለመጠበቅ ታስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ አዮዋ አንድ ሐኪም የጉድጓድ ውኃ የተበጠበጠበት ወተት የጠጡ ሕፃናት መላ ሰውነታቸው ሰማያዊ መሆኑን ከዘገበ ጀምሮ በሽታው ይታወቃል። የደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅም ስለሚዳከም ከንፈርና ጥፍራቸው ይጠቁራል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ይበልጥ ይጎዳል፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ተቅማጥ ብርቅ አይደለም። የጡት ወተት ናይትሬትን እምብዛም ስለማያሳልፍ የምታጠባ እናት አትስጋ፤ ይህን በድፍረት እላለሁ። የአስተያየት መድረክ ዋጋም እዚህ ላይ ነው። የደረጃ አውጪው ባለሙያ እናቶች ውኃ ስንት ጊዜ እንደሚያፈሉ፣ በሙቀቱ ጊዜ ለጨቅላው ከወተቱ ሌላ ምን ያህል ውኃ እንደሚሰጡ፣ በሮቶ ስንት ቀን እንደሚያቆዩት ከመጽሐፍ አያገኘውም። ከእነሱ ብቻ ነው የሚያገኘው።

ምክክር ሁልጊዜ ጥብቅ ደረጃ ያመጣል ብዬ አልሟገትም። አሜሪካ አርሴኒክ ለተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር የነበራትን 50 ማይክሮ ግራም በሊትር ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበችው ረቂቅ 5 የሚል ነበር፤ ሕዝቡ በ3፣ በ10 እና በ20 ላይም አስተያየት እንዲሰጥ ተጠይቆ ነበር። ብዙ ክርክር ተደርጎበት በ2001 በ10 ጸደቀ። ወጪውን አንችልም ያሉ ትንንሽ ከተሞች ነበሩ፤ ጤና ይቅደም ያሉም ነበሩ። እኔ በነርስነቴ 5 በሆነ ደስ ይለኝ ነበር። ቢሆንም ማን ምን እንዳለ፣ ቁጥሩ ለምን ከፍ እንዳለ በግልጽ ተጽፏል፤ ሊያስቀይረው የሚፈልግ ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል። የእኛም ከተማ ወጪ ያሰጋታል። ናይትሬት የበዛበትን ጉድጓድ ከንጹሑ ጋር መቀላቀል፣ ራቅ ካለ ቦታ መሳብ፣ የፍሳሽ መስመር መዘርጋት ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ፣ የቱ ይቅደም የሚለውን ከእኛ ጋር መነጋገር እንጂ እኛን መሸሽ አያዋጣም። ሐረርም ጉዳዩ ይመለከታታል፤ የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ የምትጠጣው ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ የሚወጣላትን ውኃ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዕለት መጠጥ የበለጠ ማኅበረሰብን የሚመለከት ነገር አላውቅም። ስለዚህ የውኃ ደረጃ በሚከለስበት ጊዜ ሁሉ ረቂቁ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ተተርጉሞ በሬዲዮ ይነገር፤ ሰው በቃሉ የሚሰጠውን አስተያየትም በየጤና ጣቢያውና በየቀበሌው ተቀብሎ የሚመዘግብ ሰው ይመደብ። የአስተያየት ጊዜው ቢያንስ ሁለት ወር ይሁን። የተሰበሰበውን አስተያየት ተከትሎ ምን እንደተቀየረ፣ ያልተቀየረውም ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይመለስልን።

እስከዚያው ሊጀመር የሚችል ነገር አለ። የየጉድጓዱ የናይትሬት ምርመራ ውጤት ከወርኃዊው የውኃ ቢል ጋር ይውጣ፤ ቆጣሪ ለሌላቸው ደግሞ በቦኖ ውኃ ማደያው ላይ ይለጠፍ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሻሻለው የመጠጥ ውኃ ሕግ ወዲህ የውኃ አቅራቢዎች ውጤታቸውን በየዓመቱ ለደንበኞቻቸው የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። እኛም ብንጀምረው የጡጦ ልጅ ያላት እናት ስትጠይቀኝ ከየትኛው ቧንቧ ብትቀዳ እንደሚሻል በእርግጠኝነት እነግራታለሁ። ጋዜጣችሁም ቀጣዩ ረቂቅ ለአስተያየት የሚቀርብበትን ቀን አስቀድሞ ቢያወጣልን፣ ገጹን ቆርጬ በክትባት ክፍላችን በር ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ፣ ከድሬዳዋ