ፍሬዚየር ወይስ ታይሰን፤ ለአባቴ የተጻፈ መልስ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። በደብዳቤዎ የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን የነበሩት ጆ ፍሬዚየርና ማይክ ታይሰን ሁለቱም በብርታታቸው ዘመን ቢገናኙ ፍሬዚየር በ11ኛው ዙር በዝረራ ያሸንፋል ብለው ፈርደዋል። ካቀረቧቸው ምክንያቶች አብዛኞቹን እቀበላለሁ፤ ፍርዱን ግን አልቀበልም፤ ለምን እንደሆነም በሚገባ ላስረዳዎት።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው ፍሬዚየርና ስለ የትኛው ታይሰን እንደምንነጋገር እንስማማ። ፍሬዚየርን እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1971 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን መሐመድ አሊን በ15ኛው ዙር በግራ ሁክ (ክንድን አጥፎ ከጎን በሚሰነዘር ቡጢ) ጥሎ በነጥብ ካሸነፈበት ምሽት እወስደዋለሁ። ታይሰንን ደግሞ ጁን 27 ቀን 1988 አትላንቲክ ሲቲ ላይ ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ከዘረረበት ምሽት እወስደዋለሁ። ያኔ ፍሬዚየር 93 ኪሎ፣ ታይሰን 99 ኪሎ ገደማ ይመዝኑ ነበር። በቁመት ግን ታይሰን ያንሳል፤ እርሱ 1 ሜትር ከ78፣ ፍሬዚየር 1 ሜትር ከ82 ገደማ ነው። ሁለቱም ከራሳቸው የሚረዝሙ ሰዎችን ጎንበስ እያሉ፣ ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ መጠጋትን የተማሩ ስለሆኑ፣ እዚህ ግጥሚያ ላይ አንዳቸውም የለመዱትን ዓይነት ዒላማ ፊት ለፊታቸው አያገኙም።

የእርስዎ ክርክር ጠንካራ ጎን እዚህ ላይ ነው። ታይሰን አደገኛ የሚሆነው ዘልሎ የሚገባበት ክፍተት ሲያገኝ ነው፤ ደረት ለደረት ሲጣበቁበት ግን እጁ ይታሰራል። በ1987 ጄምስ ስሚዝ እያቀፈው 12 ዙር ድረስ ወስዶታል፤ በዚያው ዓመት ቶኒ ተከርም እስከ መጨረሻው ቆሞለታል። ፍሬዚየር ደግሞ ለማምለጥ ሳይሆን ለመሥራት ይጠጋል። ግንባሩን ባላጋራው ደረት ላይ ተክሎ የጎን አጥንትና ሆድ በሚደበድብበት ርቀት ላይ ታይሰን ብዙ ዙር የቆየበት ጊዜ የለም፤ ወደ ኋላ የማይል ሰው ሲገጥመው ምን እንደሚሰማው ያወቀው በኋላ፣ በ1996 ከቦክሰኛው ኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር ሲጋጠም ነው። ይሁን እንጂ በ1990 ቶኪዮ ላይ በቦክሰኛው በስተር ዳግላስ የተሸነፈውንም ሆነ በሆሊፊልድ የተሸነፈውን ታይሰን እንደ ማስረጃ ማቅረብዎን አልቀበልም፤ አሠልጣኙ ኬቨን ሩኒ ከስፒንክስ ግጥሚያ በኋላ ከተባረረ ወዲህ ያ የጭንቅላት እንቅስቃሴና ያ የተከታታይ ቡጢ ሥርዓት ቀስ በቀስ ጠፍቷልና።

አባቴ ሆይ፣ ጭንቀቴ ሁሉ የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ናቸው። ፍሬዚየር እስኪሞቅ ድረስ ቡጢ የሚቀበል ሰው ነበር። በ1966 ኦስካር ቦናቬና በ2ኛው ዙር ሁለት ጊዜ ጥሎታል፤ ተነሥቶ በነጥብ ማሸነፉ ጀግንነቱን ያሳያል፣ መውደቁ ግን እውነት ነው። በጃንዋሪ 1973 ኪንግስተን ላይ ጆርጅ ፎርማን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጥሎታል። እርስዎ ፎርማን ረጅም ስለነበረና ክንዱን ዘርግቶ እየገፋ ርቀቱን ስለጠበቀ ነው ይላሉ፤ ትክክል ነዎት፣ ታይሰን እንዲያ ሊገፋው አይችልም። ነገር ግን ፍሬዚየርን ያፈረሰው መገፋቱ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ሲገባ ከታች ወደ አገጩ የወጣው አፐርካት ነው፤ ታይሰን ደግሞ ቀኝ እጁን በመጀመሪያ ጎን ላይ አሳርፎ በዚያው እጅ ወዲያውኑ አፐርካት የሚያስከትል ሰው ነው። በዚህ ላይ የፍሬዚየር ኃይል አብዛኛው በግራ እጁ ላይ ያረፈ ሲሆን፣ ታይሰን በሁለቱም እጁ ሰው ይጥላል።

በ1986 ታይሰን የፍሬዚየርን ልጅ ማርቪስን በ30 ሰከንድ ማሸነፉን አንስተው «አባት ለልጁ ይበቀላል» ማለትዎ አሳቀኝ፤ ደስም አለኝ። ሆኖም ማርቪስ አባቱ ይዋጋ እንደነበረው ስላልተዋጋ፣ ያ ምሽት ስለ አባቱ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው፤ የሚያስፈራኝ ልጁንም ያቆመው ያው አፐርካት መሆኑ ብቻ ነው።

የዙሩ ቁጥር ግን ብዙ ይለውጣል። በፍሬዚየር ዘመን የሻምፒዮና ግጥሚያ 15 ዙር ነበር፣ ታይሰን ግን ከ12 ዙር በላይ ተዋግቶ አያውቅም። ፍሬዚየር በራሱ ፈቃድ ግጥሚያ የሚያቆም ሰው አይደለም፤ በ1975 ማኒላ ላይ ከአሊ ጋር ሲጋጠም እንኳ ከ14ኛው ዙር በኋላ ግጥሚያውን ያቆመው አሠልጣኙ ኤዲ ፈች ነው። ስለዚህ 15 ዙር ይሁን የሚለውን ሐሳብዎን በደስታ እቀበላለሁ።

እንግዲህ ግምቴ ይህ ነው። ፍሬዚየር በ1ኛው ዙር ይወድቃል፣ ይነሣል፤ በ2ኛው ዙር በግራ ሁኩ ታይሰንን ያናጋዋል፣ አይጥለውም፤ በ4ኛው ዙር ሁለተኛ ጊዜ ሲወድቅ ዳኛው ያቆመዋል። አሥር ጊዜ ቢጋጠሙ ሰባቱን ለታይሰን እሰጣለሁ። ግጥሚያው ከ6ኛው ዙር ካለፈ ግን፣ ታይሰን በአፉ መተንፈስ ሲጀምርና የፍሬዚየር ቡጢ ሆዱ ላይ መደራረብ ሲጀምር፣ የ11ኛው ዙር ትንቢትዎ የሚፈጸም ይመስለኛል።

አሁን የቀረን ዳኛ መምረጥ ነው። እኔ የ1971ዱንም የኪንግስተኑንም ግጥሚያ የመራውን አርተር መርካንቴን አቀርባለሁ፤ ፍሬዚየር ስድስተኛ ጊዜ እስኪወድቅ ድረስ የታገሠ ሰው ስለሆነ እርስዎን እንጂ እኔን አይጠቅምም። ከተስማሙ ይጻፉልኝ፤ የእያንዳንዱን ዙር ነጥብዎንም አብረው ይላኩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ